ሰሙ ምግብ፣ ወርቁ ምኞት
የቻይናውያን የበዓል ገበታ በትልልቅ ሆቴሎች

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ጽሑፍ ስለ ምግብ ነው። ያውም ቀምሼው ስለማላውቀው ምግብ! «ያልቀመሰውን እንዴት ያወራል?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም ራሴን የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ መልሴን እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በፊቸር አጻጻፍ ኮርስ ላይ ነው። መምህራችን «የማታውቁትን አንድ ነገር ለማያውቅ ሰው አስረዱ» ብለው አሳይመንት ሰጡን። በዚያው ሰሞን ታላቅ እህቴ ከዱባይ ደወለች። እትዬ በአንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ባለ የቻይና ሬስቶራንት መሥራት ከጀመረች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ሥራዋ ከኪችን እስከ ጠረጴዛ ሳህን ማመላለስ ነበር፤ እንግዳ ማናገር የአስተናጋጆቹ ድርሻ ነው። የቻይና አዲስ ዓመት ሲቃረብ ግን አለቃዋ ሠራተኞቹን ሰብስባ «የበዓሉን ሜኑ አጥንታችሁ የእያንዳንዱን ምግብ ትርጉም ማስረዳት ለቻላችሁ የራሳችሁ ጠረጴዛ ይሰጣችኋል» አለቻቸው። የራስ ጠረጴዛ ማለት ቲፕ ነው። ቲፕ ማለት ደግሞ በየወሩ ለእናታችን ከሚላከው ብር ላይ ጭማሪ ነው።

«ማሙሽ፣ አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ እንዴ? በል አስጠናኝ!» አለችኝና የሜኑውን ፎቶ ላከችልኝ። ከሼፉና ከቻይናውያን ባልደረቦቿ የሰማችውን ትነግረኛለች፤ እኔ ላይብረሪ ገብቼ አረጋግጣለሁ፤ ማታ ከሥራ ስትወጣ ደግሞ እንደ ፈተና እጠይቃታለሁ። እሷ ለጠረጴዛዋ፣ እኔ ለማርኬ ስንል ሦስት ሳምንት እንዲህ ከረምን።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ረቂቄ ርዕስ «ቻይና የማይበላ ነገር አለ ወይ?» የሚል ነበር። የወፍ ምራቅ፣ የባሕር ቀንድ አውጣ፣ የሻርክ ክንፍ እያልኩ ሰው እንዲስቅ አድርጌ ጻፍኩት። ለእትዬ በስልክ ሳነብላት ግን አልሳቀችም። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «እዚህ ያለ ሰው ስለ ጥሬ ሥጋችን እንዲህ ብሎ ቢጽፍ ምን ይሰማህ ነበር?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ረቂቁን ቀደድኩትና ከሀ ጀመርኩ።

በዓሉ መቼ ነው?

ቻይናውያን አዲስ ዓመታቸውን (የፀደይ በዓልም ይሉታል) የሚያከብሩት በጨረቃ ላይ በተመሠረተ አቆጣጠር ነው። እኛ ፋሲካን በባሕረ ሐሳብ ስናወጣ ቀኑ በየዓመቱ ከፍና ዝቅ እንደሚለው ሁሉ የእነሱም በዓል በፈረንጆቹ ከጃንዋሪ 21 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ባለው ጊዜ ውስጥ ይመላለሳል። በእኛ ሲታሰብ ከጥምቀት ማግሥት ጀምሮ እስከ የካቲት አጋማሽ መሆኑ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) መስቀልን እ.ኤ.አ. በ2013፣ ጥምቀትን በ2019 በመዘገበበት በዚያው የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ የፀደይ በዓልን በዲሴምበር 2024 አስፍሮታል።

የበዓሉ ዋና ማዕድ የሚቀርበው በዋዜማው ምሽት ሲሆን «የመገናኘት እራት» ይባላል። በሌላ ከተማ የሚሠራ ልጅ ሁሉ ለዚህች እራት ወደ ወላጆቹ ይጓዛል። ድሮ እራቱ ቤት ውስጥ ብቻ ይሠራ ነበር። ዛሬ ግን በተለይ እንደ ሆንግ ኮንግ ባሉ ከተሞች ቤቱ ጠባብ፣ ዝግጅቱም አድካሚ ስለሆነ ብዙ ቤተሰብ ሬስቶራንት ውስጥ ቦታ ይይዛል። አቅም ያለው ደግሞ ሆቴል ይገባል። ሆቴሎቹም በዓሉን ጠብቀው ልዩ ሜኑ ያወጣሉ። እዚህ ላይ «ሆቴል» ስል እኛ አገር ምግብ ቤቱን ሁሉ ሆቴል እንደምንለው አይደለም። ለምሳሌ በሆንግ ኮንጉ ፎር ሲዝንስ ሆቴል ውስጥ ያለው ሉንግ ኪንግ ሂን በዲሴምበር 2008 በሼፍ ቻን ያን ታክ መሪነት ከሚሽለን የምግብ ቤቶች መመሪያ ሦስት ኮከብ ሲያገኝ በዓለም የመጀመሪያው ባለ ሦስት ኮከብ የቻይና ሬስቶራንት ሆኗል። ከሦስት በላይ ኮከብ የለም።

ሰምና ወርቅ በሳህን ላይ

እትዬ መጀመሪያ የተቸገረችው የምግቦቹ ስም ላይ ነበር። ሜኑው ላይ «ብልጽግናና መልካም ገበያ»፣ «ከዓመት ዓመት ይትረፍረፍ» የሚሉ ስሞች ተደርድረዋል። የትኛው ዓሣ፣ የትኛው አትክልት እንደሆነ አይታወቅም። እኔም ግራ ገብቶኝ ከረምኩና አንድ ቀን ነገሩ ብልጭ አለልኝ። ይሄ እኮ የእኛው ሰምና ወርቅ ነው!

በቻይንኛ ድምፃቸው አንድ ዓይነት ወይም ተቀራራቢ፣ ትርጉማቸው ግን የተለያየ ቃላት እጅግ ብዙ ናቸው። የበዓል ምግብ የሚመረጠው በአብዛኛው በዚህ ኅብረ ቃል ነው። ዓሣ «ዩ» ይባላል፤ ትርፍ ወይም የተረፈ ነገርም «ዩ» ነው። ስለዚህ በአዲስ ዓመት ገበታ ላይ ዓሣ አይቀርም። የሚቀርበውም ከነጭንቅላቱ ከነጅራቱ ሙሉ ሆኖ ነው፤ ዓመቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሙሉ ይሁን ለማለት። ከዓሣው ጥቂት ማስተረፍም የተለመደ ነው። ሰሙ ዓሣ፣ ወርቁ ትርፍ!

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። ሽሪምፕ በካንቶንኛ «ሃ» ስለሚባል «ሃ ሃ» ብሎ መሳቅን፣ ደስታን ያመለክታል። ሰላጣ ቅጠል «ሀብት ማፍራት» ከሚለው ቃል ጋር ይመሳሰላል። ከሩዝ ዱቄት የሚሠራው «ኒያን ጋኦ» የተባለ ኬክ «ከዓመት ዓመት ከፍ ማለት» ተብሎ ይሰማል። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ኑድል ረጅም ነው፤ ረጅም ዕድሜ ማለት ስለሆነ አይቆራረጥም። በተቃራኒው አራት ቁጥር «ሞት» ከሚለው ቃል ጋር ስለሚመሳሰል ይሸሹታል፤ ስምንት ግን ከብልጽግና ጋር ስለሚቀራረብ ይወደዳል። የእትዬ ሬስቶራንት ሜኑ ለአንድ ሰው 688 ድርሃም የሚለው፣ የምግቡም ዓይነት ስምንት የሆነው ሒሳቡ እንዲያ ደርሶ እንዳይመስላችሁ!

ከሁሉ ደማቁ «ዩሼንግ» የሚባለው ሲሆን በተለይ የሲንጋፖርና የማሌዥያ ቻይናውያን ልማድ ነው። ትርጉሙ «ጥሬ ዓሣ» ቢሆንም «የሚያድግ ሀብት» ተብሎም ይሰማል። በትልቅ ሳህን ላይ ቀጭን የተከተፈ ካሮትና ነጭ ፍጅል፣ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ በስሱ የተቆረጠ ሳልሞን ይደረደርና የፕሪም ሶስ ይፈስበታል። አስተናጋጁ አንዱን በጨመረ ቁጥር ምርቃት ይናገራል። ከዚያ ሰው ሁሉ ይነሣና በመመገቢያ እንጨቱ ወደ ላይ እያነሣ «ሎ ሄይ!» እያለ ያደበላልቀዋል። ከፍ ብሎ የተነሣ፣ ከፍ ያለ ዕድል! የዛሬውን መልኩን እ.ኤ.አ. በ1964 ሲንጋፖር ውስጥ አራት ሼፎች እንደሰጡት ይነገራል፤ ማሌዥያውያን ደግሞ «ቀድሞም የኛ ነው» ብለው ይከራከራሉ። እትዬ በጣም የፈራችው ይህን ነበር። ምርቃቶቹን በቅደም ተከተል በቃሏ መያዝ ነበረባት። «እንደ ልጅነታችን ውዳሴ ማርያም በቃል ይያዝልኛል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል» እያለች ትስቅ ነበር።

የምኞቱ ፍቅር ተፈጥሮን የጎዳበት ጊዜም አለ። «ፋት ቾይ» የሚባል እንደ ጥቁር ፀጉር የሚመስል የበረሃ በቃይ በካንቶንኛ «ሀብታም ሁን» ከሚለው የበዓል ምርቃት ጋር በድምፅ ይገጥማል። በዚህ ምክንያት ብቻ ተፈላጊነቱ ስለናረ እንደ ውስጣዊ ሞንጎሊያና ኒንግሺያ ባሉ ደረቅ አካባቢዎች ሣሩ አብሮ እየተቧጨረ መሬቱ ተራቆተ። የቻይና መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2000 መሰብሰቡንና መሸጡን ከልክሏል።

ዋጋው ምኑ ላይ ነው?

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ይህንን ነው። 688 ድርሃም ለአንድ እራት? ሜኑው ላይ ዋጋውን የሚሰቅሉት በአብዛኛው የደረቁ የባሕር ምግቦች ናቸው። ዋነኛው አባሎኒ ነው። አባሎኒ ጆሮ የመሰለ አንድ ቅርፊት ብቻ ያለው፣ ከባሕር ቋጥኝ ጋር ተጣብቆ የሚኖር የቀንድ አውጣ ዘመድ ነው። ትኩሱም ይበላል፤ በጣም የሚከበረው ግን የደረቀው፣ በተለይም የጃፓኑ ነው።

የደረቀ አባሎኒ የሚሸጠው በ«ራስ» ነው። 600 ግራም ገደማ የሚመዝን «ካቲ» የሚባል የቆየ መለኪያ አላቸው። ሦስቱ አንድ ካቲ ከሞሉ «ባለ 3 ራስ» ይባላሉ፤ እያንዳንዱ 200 ግራም አካባቢ ነው ማለት ነው። ሃያው ከሞላ «ባለ 20 ራስ» ይሆናል፤ አንዱ 30 ግራም ብቻ። ስለዚህ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አባሎኒው ትልቅ፣ ዋጋውም ሰማይ ነው። እትዬ ይህን መጀመሪያ ገልብጣ ነበር የያዘችው። ፈተናው ላይ ብትወድቅ በዚህ ነበር!

ሁለተኛው ወጪ ጊዜ ነው። እንደ ድንጋይ የደረቀው አባሎኒ ለቀናት ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ ከአሮጌ ዶሮና ከአጥንት በተሠራ መረቅ ለብዙ ሰዓት በዝግታ ይበስላል። የእናቶቻችን የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ስንት ሰዓት እንደሚቁላላ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የባሕር ኪያር (ስሙ ኪያር ይሁን እንጂ በባሕር ወለል ላይ የሚኖር እንስሳ ነው) እንዲሁ ለቀናት ይዘፈዘፋል። የወፍ ጎጆ ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚኖሩ ትንንሽ ወፎች ከምራቃቸው የሚሠሩት ጎጆ ሲሆን ላባው አንድ በአንድ በወረንጦ እየተለቀመ ይጸዳል። በኢንዶኔዥያ ወፎቹ ገብተው እንዲሠሩበት ተብሎ ፎቅ ቤት ይሠራላቸዋል።

ሦስተኛው ከገንዘብ በላይ የሆነው የክብር ጉዳይ ነው። ጋባዥ ለእንግዳው ያለውን አክብሮት የሚያሳየው በሚያዝዘው ነገር ነው። ምግብ ተርፎ ካልተነሣ ጋባዡ የቆጠበ ይመስላል። ይህ ልማድ ብዙ ብክነት ስላስከተለ ቻይና በ2021 የምግብ ብክነትን የሚከለክል ሕግ አውጥታለች። «ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ፣ አፈር ስሆን» እያልን እንግዳ በምናስጨንቅ በእኛ ዘንድስ ነገሩ በጣም ሩቅ ነውን?

በነገራችን ላይ ከገጠር ተነስቶ ሆቴል የገባ ምግብም አለ። «ፑን ቾይ» ይባላል፤ ከሆንግ ኮንግ የገጠር መንደሮች የመጣ ነው። በትልቅ ገበታ ውስጥ ምግቡ በንብርብር ይደረደራል። ከታች ፍጅልና ቶፉ፣ መሐል ሥጋ፣ ከላይ ሽሪምፕና አባሎኒ። ሁሉም ከአንድ ገበታ ከላይ ወደ ታች ይበላል፣ ልክ እንደ እኛ በአንድ መሶብ። የእትዬ ሼፍ እንደነገራት ከሆነ ከሁሉ የሚጣፍጠው ርካሹ ፍጅል ነው፤ የላይኛው ጭማቂ ሁሉ የሚወርደው ወደ እሱ ነዋ!

ወቅቱን የጠበቀ

ሜኑው በአዲስ ዓመት ብቻ አይቀየርም። ትልልቆቹ የቻይና ሬስቶራንቶች ዓመቱን ሙሉ ወቅትን ይከተላሉ። ብዙውን ጊዜ በእኛ መስከረም የሚውለው የመኸር አጋማሽ በዓል ሲመጣ ሙንኬክ ይሸጣሉ። ይህ በሎተስ ፍሬ ልንቁጥና በጨው በተዘጋጀ የእንቁላል አስኳል የተሞላ ክብ ኬክ ነው፤ አስኳሉ ሙሉ ጨረቃን ይመስላል። በሆንግ ኮንጉ ዘ ፔኒንሱላ ሆቴል ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ሙን ሬስቶራንት በ1986 የኩስታርድ ሙንኬክ ከፈጠረ ወዲህ ሌሎች ሆቴሎችም ተከትለውታል።

በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ ጊዜው የባለ ፀጉሩ ክራብ ነው። ቻይናውያን «በዘጠነኛው ወር ሴቷ፣ በአሥረኛው ወር ወንዱ» ይላሉ፤ በጨረቃ አቆጣጠር ማለት ነው። ሴቷ እንቁላል የምትሞላው ቀድማ ስለሆነ ነው። ዝነኛው በሻንግሃይ አቅራቢያ ካለው ያንግቼንግ ሐይቅ የሚወጣው ሲሆን በእንፋሎት በስሎ በኮምጣጤና በዝንጅብል ይቀርባል። ዝና ባለበት ማጭበርበር አይጠፋም። ሌላ ቦታ ያደገውን ክራብ አምጥተው ሐይቁ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ እየነከሩ የሚሸጡ አሉ፤ ሕዝቡም «ገላ የታጠበ ክራብ» የሚል ስም አውጥቶለታል። ይህን ለመከላከል በክራቡ እግር ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት ይታሰራል። ቀለበቱም ተመሳስሎ መሠራቱ ግን አልቀረም።

ስለ ሻርኩ

የሻርክ ክንፍ ሾርባ ለረጅም ዘመን ያለ እሱ ሠርግም ሆነ በዓል የማይሟላበት ምግብ ነበር። ክንፉ ግን የራሱ ጣዕም እምብዛም የለውም፤ ጣዕሙ የመረቁ ነው። ለዚህ ሲባል ክንፉ ተቆርጦ የቀረው የሻርክ አካል በሕይወት እያለ ወደ ባሕር የሚጣልበት ጊዜ ብዙ ነበር። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ያኦ ሚንግ ከ2006 ጀምሮ በአደባባይ ተቃወመው። ዘ ፔኒንሱላ ሆቴሎች ከጃንዋሪ 1 ቀን 2012 ጀምሮ ከሜኑአቸው አወጡት። የሆንግ ኮንግ መንግሥት በሴፕቴምበር 2013፣ የቻይና መንግሥትም በዚያው ዓመት መጨረሻ ከመንግሥት ግብዣዎች አስቀርተውታል። ሾርባውን ፈጽሞ ያልተወ ሰው ዛሬም አለ። ያም ሆኖ «ባህል ነው፣ አይነካም» ይባል የነበረ ነገር በአሥር ዓመት ውስጥ ብዙ ተለውጧል። የለወጡትም በአብዛኛው የዚያው ባህል ልጆች ናቸው። ያ የቀደድኩት ረቂቄ ይህን ሁሉ ሊያሳይ አይችልም ነበር። የሚያሾፍ ሰው የሚያየው ሳህኑን እንጂ በሳህኑ ዙሪያ የሚከራከሩትን ሰዎች አይደለም።

ያልቀመሱትን መናገር

እትዬ ፈተናውን አለፈች! ሁለት ጠረጴዛ ተሰጣት። አንድ ችግር ግን ቀረ። አስተናጋጅ የምግቡን ጣዕም ይጠየቃል። እሷ ደግሞ አጥባቂ ኦርቶዶክስ ናት፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት አትበላም፤ ለሠራተኞቹ የቅምሻ ቀን ሲዘጋጅም አልቀመሰችም። ይባስ ብሎ የዋዜማው እራት የዋለው በ2018 ዓ.ም. የካቲት 9፣ ሰኞ፣ ልክ ዐቢይ ጾም የገባበት ቀን! «ምን ልበላቸው ማሙሽ? በጣም ይጣፍጣል ብዬ ልዋሽ?» አለችኝ።

እኔም ከክፍል የተማርኩትን ነገርኳት። ያላየኸውን አየሁ አትበል፤ ያየውን ሰው ጠይቅና «እገሌ እንዲህ አለ» ብለህ ጻፍ። ሌላ የማውቀው መላ አልነበረኝም።

በማግሥቱ ደወለች። ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የመጡ አንዲት አሮጊት አባሎኒውን እያሳዩ «አንቺስ ወደሽዋል?» ብለው ጠየቋት። እሷም «ጾም ላይ ስለሆንኩ አልቀመስኩትም፤ ሼፋችን ግን ሦስት ቀን እንደዘፈዘፉትና መሐሉ ለስላሳ መሆን እንዳለበት ነግረውኛል፤ ልክ መሆኑን እርስዎ ይንገሩኝ» አለቻቸው። አሮጊቷ ቀምሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊሄዱ ሲነሡ ከቦርሳቸው ሁለት መንደሪን አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጧት። መንደሪን በካንቶንኛ «ጋም» ይባላል፤ ወርቅም «ጋም» ነው። በአዲስ ዓመት ጥንድ ጥንዱን ይሰጣጡታል።

«ይሄ ጾም ነው፣ ይበላል» ብላ አንዱን የበላችው ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ሰርቪስ ስትጠብቅ ነው። ጣዕሙን ስጠይቃት «መንደሪን ነዋ!» ብላ ሳቀች። ሁለተኛውን መኝታ ክፍሏ መስኮት ላይ አስቀምጣዋለች።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ መልሴ ይኸው ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ ምግብ የቀመስኩት አንድም የለም። የቀመሱትንና ያበሰሉትን፣ ተሸክመው ያቀረቡትንም ሰዎች ግን ጠይቄአለሁ። ማርኬን ገና አላወቅኩም። እትዬ ግን በዚያ ወር ለእናታችን ከወትሮው ጨመር አድርጋ ልካለች።

ቸር ያሰንብተን!